ሙቀቱ ይለፍ ወይስ ይቁም? በናኖ ደረጃ ሲሊከን ስንመርጥ

ባለፈው ክረምት ኮምቦልቻ ቡና እየጠጣሁ ሳለ አንዲት የምህንድስና ተመራቂ ተማሪ ደብተሯን ይዛ መጣች። የመመረቂያ ፕሮጀክቷ ከእንጀራ ምጣድ ሥር የሚባክነውን ሙቀት ወደ ኤሌክትሪክ ቀይሮ ስልክ ቻርጅ ማድረግ ነው። የመረጠችው ቁስ ሲሊከን ሲሆን፣ እሱንም 50 ናኖሜትር (ናኖሜትር የሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው) ውፍረት ባላቸው ሽቦዎች አድርጋ አስባዋለች። ስሌቱ ንጹሕ ነው። የእጅ ጽሑፏ ደግሞ ያስቀናል።

«ጋሼ፣ የሚወጣው ኤሌክትሪክ ከቁጥር የሚገባ አልሆነም። የት ነው የተሳሳትኩት?»

ሦስተኛው ገጽ ላይ አገኘሁት። ሙቀት የማስተላለፍ አቅም በሚለው ቦታ 148 ብላ ሞልታለች። ከመጽሐፍ ጀርባ ሠንጠረዥ የተቀዳ ትክክለኛ የሲሊከን ቁጥር ነው። የእሷ ሽቦ ቁጥር ግን አይደለም።

«አብሽሪ» አልኳት። «ስሌትሽ ደህና ነው። ያስገባሽው የሌላ ሲሊከን ቁጥር ነው።»

ያን ቀን በናፕኪን ላይ የጫርኩላትን ነው እዚህ ሰፋ አድርጌ የምጽፈው። አንድ ዓይነት አቶም፣ አንድ ዓይነት አደራደር፣ ግን በቅርጹ ብቻ ሙቀት የማስተላለፍ አቅሙ ወደ መቶ እጥፍ የሚለያይ ቁስ ነው። ስለዚህ «ሲሊከን እጠቀማለሁ» ማለት ብቻውን ምርጫ አይባልም። የትኛውን ሲሊከን?

ሙቀቱን ማን ይሸከመዋል?

ብረት ውስጥ ሙቀትን በዋናነት የሚያጓጉዙት ኤሌክትሮኖች ናቸው። ሲሊከን ውስጥ ግን ሥራው የአቶሞቹ ንዝረት ነው። አቶሞቹ በሥርዓት ተደርድረው እርስ በርስ ተያይዘው ስለቆሙ፣ አንዱ ሲንቀጠቀጥ ጎረቤቱን ይነቀንቃል። ንዝረቱ እንደ ማዕበል ይጓዛል። የዚህ ማዕበል አንዱ ጥቅል ፎኖን ይባላል።

ፎኖን ሁሉ አንድ አይደለም። ደሴ መንገድ ዳር ቆማችሁ አስቡት። ባጃጅ አለ፤ ከፒያሳ ቧንቧ ውሃ ደርሶ ይመለሳል። ሚኒባስ አለ፤ ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ ያራግፋል። ከአዲስ አበባ ተነስቶ ወልድያ የሚገባ አገር አቋራጭ አውቶቡስም አለ። ፎኖኖችም እንደዚያው ናቸው። አንዳንዱ ጥቂት ናኖሜትር ሄዶ ከሌላው ተጋጭቶ ይበተናል። አንዳንዱ ደግሞ ከ1000 ናኖሜትር በላይ ማንም ሳይነካው ይሄዳል። በክፍል ሙቀት ሲሊከን ውስጥ ከሚያልፈው ሙቀት ወደ ግማሽ የሚጠጋውን የሚሸከሙት ብዙ መቶ ናኖሜትርና ከዚያም በላይ የሚጓዙት፣ ማለትም አውቶቡሶቹ ናቸው።

አሁን ከሚሴና ሐይቅ ላይ ኬላ አቁሙ። የደሴው ባጃጅ ወሬውንም አይሰማ። አውቶቡሱ ግን ይቆማል፣ ይፈተሻል፣ ይዘገያል። የናኖ ቅርጽም የሚሠራው ይህንኑ ነው። የቁሱ ዳርቻ፣ በፍሬዎቹ (ቁሱን በሚሠሩት ጥቃቅን ክሪስታሎች) መካከል ያለው ድንበር፣ የቀዳዳው አፍ፣ ሁሉም ኬላ ነው። ኬላዎቹ በየ50 ናኖሜትሩ ከተተከሉ ከዚያ በላይ መሄድ የለመደው ፎኖን ይያዛል። ከዚያ በታች የሚመላለሰው ሥራውን ይቀጥላል።

ኤሌክትሮኖቹስ? ኤሌክትሪክ እንዲያስተላልፍ ሌላ ንጥረ ነገር በብዛት በተጨመረበት ሲሊከን ውስጥ ኤሌክትሮን ሳይጋጭ የሚሄደው ጥቂት ናኖሜትር ነው። ባጃጅ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ኬላው ሙቀቱን ይዞ ኤሌክትሪኩን ያሳልፋል። ሰው ሁሉ በናኖ ሲሊከን የተንገበገበው ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ይህን መልሱ

ደሴ ላይ የማትለዩትን ጋቢ ባቲ ወርዳችሁ በቀትር ብትለብሱት ምን እንደሚሆን ታውቁታላችሁ። ጋቢው አልተለወጠም፤ የተለወጠው ፍላጎታችሁ ነው። የኮምፒውተር ቺፕ የሚሠራ ሰው ሙቀቱ ቶሎ ወጥቶ እንዲሄድለት ይፈልጋል። ከሙቀት ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ሰው ደግሞ አንዱ ጎን እንደጋለ፣ ሌላው እንደቀዘቀዘ እንዲቆይለት ይፈልጋል። ሙቀቱ በቁሱ ውስጥ ሮጦ ካለፈ ልዩነቱ ይጠፋል፤ ልዩነት ከሌለ ኤሌክትሪክ የለም። ይህን ሳይለዩ «አነስ ያለ ይሻላል» ብሎ መጀመር ብዙ ተማሪ ሲሳሳትበት ያየሁት ነገር ነው።

ወፍራሙ ሲሊከን

ሙቀቱ ይውጣ ካላችሁ ብዙ አትድከሙ። ወፍራም፣ ንጹሕ፣ አንድ ወጥ ክሪስታል የሆነ ሲሊከን በክፍል ሙቀት 148 ዋት በሜትር በኬልቪን ያህል ያስተላልፋል። መዳብ 400 ገደማ ነው፤ ተራ መስታወት 1 ገደማ። ብረት ላልሆነ ነገር 148 ትልቅ ቁጥር ነው።

አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ፤ ቁጥሩ ቋሚ አይደለም። እየጋለ ሲሄድ ፎኖኖቹ ይበዙና እርስ በርስ ይጋጫሉ። 330 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ከ60 ብዙም አይርቅም። የባቲ የሰኞ ገበያ እኩለ ቀን ላይ እንደሚሆነው ነው፤ መንገዱ ያው፣ ሰው ግን መተላለፊያ አጣ።

በአይሶቶፕ፣ ማለትም በክብደታቸው ብቻ ከሚለያዩት የሲሊከን አቶሞች አንዱን ዓይነት ብቻ በማስቀረት፣ የተጣራ ሲሊከንም አለ። ተፈጥሯዊው ሲሊከን 92 በመቶ ያህሉ ሲሊከን 28 ሲሆን ቀሪው ትንሽ ከበድ ያሉት 29 እና 30 ናቸው። እነሱን አጣርቶ ማውጣት በክፍል ሙቀት የሚጨምረው 10 በመቶ ገደማ ነው። ለዋጋው አይመጥንም። እንለፈው።

ስስ ንጣፍ

ይህን ሰው ለሙቀት ብሎ አይመርጠውም፤ ቺፕ ሠሪው ተገድዶ ነው የሚገባበት። 100 ናኖሜትር ውፍረት ያለው የሲሊከን ንጣፍ፣ ሙቀቱ በንጣፉ ርዝመት ሲሄድ፣ ወደ 60 ይወርዳል። 20 ናኖሜትር ሲሆን 22 ገደማ። ፎኖኑ ከላይና ከታች ግድግዳ እየመታ ነዋ የሚሄደው።

ይባስ ብሎ ብዙ ጊዜ ንጣፉ የሚቀመጠው በሲሊከን ኦክሳይድ ላይ ነው። ኦክሳይዱ 1.4 ነው። እንግዲህ ትራንዚስተሩ (የቺፑ ጥቃቅን ማብሪያ ማጥፊያ) ከላይ በጠበበ መንገድ፣ ከታች በተዘጋ በር መካከል ተቀምጦ ይግላል። በዘመናዊ ቺፕ ውስጥ የትራንዚስተሩ ክንፍ ከ10 ናኖሜትር በታች የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ እዚያ 148ን አስገብቶ ሙቀት የሚያሰላ ሰው ቺፑን ሳይሠራ ያቃጥለዋል። ምክሬ አጭር ነው። ሙቀት ለማስወጣት ከሆነ ንጣፉን በቻላችሁት መጠን አወፍሩ፣ ኦክሳይዱን አሳሱ። ሙቀት ለማቆም ከሆነ ከዚህ የሚሻሉ አሉ።

ናኖ ሽቦ

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ነገሩ የሚጣፍጠው እዚህ ነው።

አንድን ናኖ ሽቦ እንዴት ነው የሚለኩት? ሁለት በጣም ትናንሽ ጠፍጣፋ ደሴቶች በቀጭን እግሮች አየር ላይ ይንጠለጠላሉ። ሽቦው እንደ ድልድይ በሁለቱ መካከል ይጋደማል። አንደኛው ደሴት በትንሽ ኤሌክትሪክ ይሞቃል፤ ሌላኛው ምን ያህል እንደሞቀ ይታያል። በድልድዩ በኩል የተሻገረው ሙቀት ይኸው ነው። ሁሉም በቫክዩም ውስጥ ነው፤ አለበለዚያ አየሩ ራሱ ሙቀቱን ይዞ ይሻገራል።

በ2003 በዚህ መንገድ የተለኩት ለስላሳ የሲሊከን ሽቦዎች ያሳዩት እንዲህ ነበር፦ 115 ናኖሜትሩ 40 ገደማ፣ 37 ናኖሜትሩ 18 ገደማ፣ 22 ናኖሜትሩ ከ10 በታች። የሲሊከን ክሪስታል አንዱ ጡብ 0.543 ናኖሜትር ስለሆነ 22 ናኖሜትር ማለት ጎን ለጎን የተደረደሩ 40 ጡቦች ናቸው። በ40 ጡብ ስፋት ኮሪደር ውስጥ አውቶቡስ አይሄድም።

ከዚያ 2008 መጣ። ካሊፎርኒያ በርክሌይ ያሉ ተመራማሪዎች ሽቦዎቹን ከዌፈር (ስስ የሲሊከን ዝርግ) ላይ በአሲድ አስበልተው አወጧቸው። የዚህ ሽቦ ቆዳ ሻካራ ነው። ወደ 50 ናኖሜትር የሚጠጋው ሽቦ 1.6 አካባቢ ተለካ። ተመሳሳይ ውፍረት ያለው ለስላሳ ሽቦ ወደ 25 ነበር። 1.6 እኮ የመስታወት ሰፈር ነው! ውስጡ ግን አሁንም ሥርዓት ያለው ክሪስታል ነው።

ልዩነቱ ቆዳው ላይ ነው። ኳስ በሲሚንቶ የተለሰነ ግድግዳ ላይ በጎን ብትመቷት ወደፊት ትነጥራለች። የድንጋይ ካብ ላይ ብትመቷት ግን ወዴት እንደምትሄድ እግዜር ይወቀው፤ ወደ ራሳችሁም ልትመለስ ትችላለች። ፎኖኑም ሻካራ ቆዳ ላይ እንዲሁ ይሆናል። እርግጥ መሻከር ብቻውን እስከዚያ ድረስ እንዴት እንደሚያወርደው ቲዮሪ የሚሠሩ ሰዎች ብዙ ተከራክረውበታል። የእኔ አስተያየት፣ ያን ቁጥር እንደ ደንብ ሳይሆን እንደ ጫፍ ውሰዱት።

ታዲያ ሽቦ እንምረጥ? ለመማር አዎ። ለዕቃ ግን እጄ ወደኋላ ይላል። አንድ ሽቦ የሚሰጠው ኤሌክትሪክ ከምንም አይቆጠርም። ሚሊዮኖቹን ጎን ለጎን አቁሞ፣ የሁሉንም ጫፍ ከብረት ጋር አገናኝቶ፣ መጋጠሚያው ራሱ እንዳያባክን ማድረግ ከባድ ነው።

ሌላም አለ። ሻካራውን ሽቦ የሚያወጣው ድብልቅ ውስጥ ሲልቨር ናይትሬትና ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ አለ። ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ እንደ ሌላው አሲድ አይደለም። መጀመሪያ ላይ ብዙም ሳያም በቆዳ ውስጥ ይሰርጋል፣ ከሰውነት ካልሲየም ጋር ይያያዛል፣ ልብን እስከማቆም ይደርሳል። ካልሲየም ግሉኮኔት ጄል አጠገባችሁ ከሌለ፣ ተገቢው የጭስ መሳቢያና የሠለጠነ ሰው ከሌለ፣ ጠርሙሱ አይከፈት። ለመመረቂያ ፕሮጀክት ተብሎ እጅ አይታጣም።

ፍሬያማውና ቅይጡ

ብዙ ሰው ሽቦውን ሲያደንቅ ይህን ይዘለዋል። እኔ ግን ለከፍተኛ ሙቀት ኤሌክትሪክ ማመንጫ ምረጥ ብባል የምመርጠው ይህን ነው።

አሠራሩ እንደ ሽሮ ነው ማለት ይቻላል። ሲሊከኑ ከብረት ኳሶች ጋር በሚሽከረከር በርሜል ውስጥ ይደቆሳል። ዱቄቱ ፍሬው ጥቂት አሥር ናኖሜትር እስኪሆን ይልማል። ከዚያ በኃይለኛ ሙቀትና ግፊት ተጨምቆ እንደገና ጠንካራ ቁራጭ ይሆናል። በእጅ የሚያዝ፣ የሚቆረጥ፣ የሚበየድ ነገር ነው። ውስጡ ግን ኬላ በኬላ ነው። በ2009 በዚህ መንገድ የተሠራ ሲሊከን ሙቀት ማስተላለፉ ወደ 90 በመቶ ቀንሷል። ዜድቲ የሚባለው የብቃት መለኪያው ደግሞ በ1000 ዲግሪ ገደማ 0.7 ደርሷል። ዜድቲ ኤሌክትሪክ ማስተላለፍን፣ ቮልት ማውጣትንና ሙቀት መያዝን ባንድ ቁጥር የሚያይ ነው፤ ከፍ ሲል ይሻላል።

ጀርማኒየም ሲጨመርበት ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣል። የጀርማኒየም አቶም ከሲሊከኑ ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ይከብዳል። በሥርዓት በተደረደረው ሰልፍ ውስጥ እዚህም እዚያም ሲቀመጥ መንገድ ላይ እንዳለ ጉድጓድ ነው። አውቶቡሱ ጉድጓዱን ረግጦት ያልፋል። ባጃጁ ግን ይንገጫገጫል፣ ይገለበጣልም። ማለትም ቅይጡ አጭሮቹን ይይዛል፣ የፍሬ ድንበሩ ረጃጅሞቹን ይይዛል። ሁለቱ ተባብረው የሚያመልጥ ብዙ አይተዉም።

ቅይጡ ያለ ናኖም ቢሆን የታወቀ ነው። በ1977 የተወነጨፉት ሁለቱ የቮዬጀር መንኮራኩሮች ኤሌክትሪካቸውን የሚያገኙት ከፕሉቶኒየም ሙቀት በሲሊከን ጀርማኒየም ቅይጥ በኩል ነው። በ2008 ይኸው ቅይጥ በናኖ ፍሬ ሲሠራ ኤሌክትሮን በዝቶበት የተሠራው ዓይነት 900 ዲግሪ ላይ ዜድቲው 1.3 ደረሰ። ቀድሞ 1 እንኳ በጭንቅ ነበር።

እንከኑስ? ጀርማኒየም ውድ ነው። ፍሬዎቹም በከፍተኛ ሙቀት ለረጅም ጊዜ ሲቆዩ እየተዋሃዱ ይተልቃሉ። ኬላው ሲነሳ አውቶቡሱ እንደገና መሮጥ ይጀምራል።

ባለ ቀዳዳው

ጋቢ የሚያሞቀው ጥጡ ብቻ ሳይሆን በድሩ መካከል የታሰረው አየር ነው። ቀዳዳማ ሲሊከን ሲባል ብዙ ሰው የሚመጣለት ይህ ነው። ግማሽ ልክ ነው። ቀዳዳው ብቻ ቢሆን ኖሮ ከሲሊከኑ ሩቡን ስናወጣ ሙቀቱም በዚያው ልክ ይቀንስ ነበር። የሚሆነው ግን ከዚያ በጣም የበለጠ ነው። ወሳኙ በቀዳዳና በቀዳዳ መካከል የሚቀረው የሲሊከን አንገት ስፋት ነው። አንገቱ ጥቂት አሥር ናኖሜትር ሲሆን በ2010 የተሠሩ ወንፊት መሰል ስስ ንጣፎች 2 አካባቢ ተለክተዋል።

ለሴንሰር ሥር መከለያ በጣም ጥሩ ነው። ለኤሌክትሪክ ማመንጫ ግን እንደ ስፖንጅ የተቦረቦረው ዓይነት አይመከርም። የውስጥ ገጹ ሰፊ ስለሆነ አየር ላይ ይኦክሳይዳል፣ ኤሌክትሮኖቹም መንገድ ያጣሉ። ወንፊቱ ይሻላል፤ ቀዳዳዎቹ በሥርዓት ስለሆኑ ኤሌክትሪኩ በመሃል ያልፋል።

ስለ መጋጠሚያ አንድ ነገር

ደሴ አንድ የኮምፒውተር ጥገና ቤት ቁጭ ብዬ ነበር። ላፕቶፑ በየአሥር ደቂቃው ይጠፋል። ልጁ ማራገቢያውን ፈትቶ ሂት ሲንኩን (ሙቀት የሚያስወጣውን መዳብ) ሲያነሳው በመሃል ያለው ፔስት በጋ ላይ እንደ ደረቀ ኩሬ ተሰነጣጥቋል። ሲሊከኑ ደህና፣ መዳቡም ደህና። ሙቀቱ መሃል ላይ ነው የቀረው። ጠርጎ አዲስ ፔስት ቀባ፤ ስስ አድርጎ። ላፕቶፑ ሰላም ሆነ።

በናኖ ደረጃ ደግሞ ሁለት ቁሶች ፍጹም ቢጣበቁም እንኳ ድንበሩ ራሱ ሙቀት ይዞ ያስቀራል። ካፒትዛ የተባለው ሩሲያዊ የፊዚክስ ሊቅ በ1941 በብረትና በፈሳሽ ሂሊየም መካከል ያየው ይህንን ነው። ወፍራም ቁስ ላይ አይሰማም። ንጣፋችሁ 20 ናኖሜትር ሲሆን ግን ድንበሩ ከንጣፉ ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ የቁሱን ቁጥር ብቻ አይታችሁ አትምረጡ።

እንግዲህ የትኛውን?

የምጣዷን ጉዳይ ልጨርስ። የምጣድ ሥር ሙቀት ጥቂት መቶ ዲግሪ ነው። በዚያ ሙቀት ላይ፣ እውነቱን ለመናገር፣ የትኛውም ሲሊከን የመጀመሪያ ምርጫ አይደለም። ቢስመዝ ቴሉራይድ ይበልጠዋል፤ ገበያ ላይ ያሉት የፔልቲየር ሞጁሎች (ሙቀትን ከኤሌክትሪክ ጋር የሚያገናኙ ትንንሽ ጠፍጣፋ ዕቃዎች) ከሱ የተሠሩ ናቸው። ስትገዙ ግን ተጠንቀቁ። ለማቀዝቀዣ የተሠራው ርካሹ ሞጁል ውስጥ ያለው ብየዳ 138 ዲግሪ አካባቢ ሊቀልጥ ይችላል። ለኃይል ማመንጫ የተሠራውን ጠይቁ። ሌላኛውን ጎን ደግሞ በውሃ አቀዝቅዙት፤ አለበለዚያ በሩብ ሰዓት ሁለቱም ጎን እኩል ይግላል።

ሲሊከን ላይ ሙጭጭ ያለ ተማሪ ደግሞ ላፕቶፕ ካለው በቂ ነው። ላምፕስ የሚባለው የአቶም ማስመሰያ ፕሮግራም በነፃ ይገኛል። ለስላሳና ሻካራ ሽቦ፣ ትልቅና ትንሽ ፍሬ ማወዳደር ይቻላል፤ ያለ አሲድ። መብራት እንደሚጠፋ ታውቁታላችሁና በየጥቂቱ ሴቭ የሚያደርገውን ትእዛዝ አትርሱ። እኔ ሦስት ቀን የፈጀ ሥራ አጥቼ ነው የተማርኩት።

የብረት ማቅለጫ ወይም የትልቅ ፋብሪካ ጭስ ማውጫ፣ 600 ዲግሪና ከዚያ በላይ የሆነ ቦታ ላይ የምታስቡ ከሆነ ግን ፍሬያማው ሲሊከን ይገባል። ገንዘብ ካለ ቅይጡ፣ ከሌለ ጀርማኒየም የሌለበት ሲሊከን። እስከማውቀው ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ከሁሉም አስታራቂው እሱ ነው።

ቁጥር ስታነቡ ደግሞ ሦስት ነገር ጠይቁ። በስንት ዲግሪ ነው የተለካው? በየትኛው አቅጣጫ፣ በንጣፉ ርዝመት ወይስ በውፍረቱ? ሲሊከኑ ንጹሕ ነው ወይስ ኤሌክትሪክ እንዲያስተላልፍ ሌላ ነገር ተጨምሮበታል? ይህ ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ይረሳል። ንጹሕ ሲሊከን ላይ የተለካ ሙቀት ከተደባለቀ ሲሊከን ላይ ከተለካ ኤሌክትሪክ ጋር ተዳምሮ አስደናቂ ዜድቲ ሲወጣ አይቻለሁ። እንዲህ ያለ ቁስ የለም።

ተማሪዋ በኋላ ሥራዋን ልካልኝ ነበር። መሣሪያው የተሠራው በተገዛ ሞጁል ነው። ሲሊከኑ በማስመሰያ ምዕራፍ ውስጥ ቀርቷል። 148 ተሰርዞ በቦታው ሁለት ረድፍ ገብቷል፦ ለስላሳ 25፣ ሻካራ 1.6። ከሻካራው ጎን በእርሳስ «ይህን ማን ደገመው?» የሚል ጥያቄ አለ።